መቶ ማይል በሁዳዴ

መጋቢት 8፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሠላሳ ሁለት ማይል በብስክሌት። ጉልበት ደህና። ወገብ እንደ ነገሩ። ዘጠኝ ሰዓት እንደሞላ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ፣ ግማሽ በምስር፣ ሦስት ቴምር። አሁንም ይርበኛል። ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምበላውን ሁሉ አንተ ላይ ልጽፍ ነው። ከላይብረሪ የተዋስኩት መጽሐፍ እንደዚያ ይላል፤ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው የበላውን ይመዝግብ።

ነገሩ ይኸው። ልጄን ሜሮንን (ከዚህ በኋላ ሜ.) ቺካጎ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ግንቦት ላይ ፈተናዋን እንደጨረሰች ትሄዳለች። ደብዳቤው የመጣ ቀን እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን መቶ ማይል አብረን እንንዳ አለችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ይህ ብቻ ነው። ቀን ቆርጠናል፤ ሚያዝያ 13፣ ሐሙስ። ከቤታችን፣ ከፓልምስ ተነስተን በባህሩ ዳር ኒውፖርት ድረስ፣ ደርሶ መልስ።

ያኔ ሁዳዴ አያልቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም። ቅዳሜና እሁድ ቢሆን ከቅዳሴ በኋላ መብላት ይቻል ነበር። ግን ቅዳሜና እሁድ ፌርፋክስ፣ የምሠራበት የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ነኝ፤ በርበሬና ሽሮ የሚሸጠው ያኔ ነው። የእኔ ዕረፍት ሐሙስ። እሷም ትምህርት የሌላት ሐሙስ።

ሜ. መጾም ትታለች። ሁለት ዓመቷ። አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ ዝም ተባባልን።

መጋቢት 10፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ሱቅ። ለባለቤቱ ለጋሼ ከበደ ብቻ ነበር የነገርኩት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ፌርፋክስ በሙሉ ሰማ። ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ሱፍ ይላል፣ አንዱ የለውዝ ቅቤ። እትዬ አስቴር በርበሬዋን አስመዝና ከወጣች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ፣ ተልባ ጠጣ፣ ድካም የሚባል አታውቅም አለችኝ። ሁለት ፓውንድ ተልባ ገዛሁ።

ጋሼ ከበደ ለአዲስ ደንበኛ ሲያስተዋውቀኝ ጾመኛው ታደሰ ይለኛል። ሃያ ዓመት ምግብ መሀል ቆሜ ዳቦ ቆሎ ስመዝን በጾም ሰዓት አንዲት ፍሬ ወደ አፌ ሄዳ አታውቅም። እንዲህ ሲለኝ ደስ ይለኛል። አንተን አልዋሽህም።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል

ሠላሳ ስምንት ማይል። አርባ ሊሆን ነበር።

ትናንት ማታ ግማሽ ጆግ ወፍራም ተልባ ጠጥቼ ተኛሁ። አሥራ አራተኛው ማይል ላይ ሆዴ ተገለበጠ። በባህሩ ዳር ያሉትን የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች በሙሉ አውቄ መጣሁ። አራቱንም። ሜ. ሁለቱን ብስክሌት ይዛ ውጭ ትጠብቀኛለች፣ እኔ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሦስተኛው ላይ አልቻለችም፤ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ስንመለስ ከጎኔ ሆና አወራችኝ። ብርዱን እንደምትፈራ። እዚያ አብራት የምትኖረው ልጅ ማን ትሆን የሚለው እንቅልፍ እንደነሳት። እናቷ ማታ ማታ ተደብቃ እንደምታለቅስ። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ብጠይቃት ምንም የለም ነበር የምትለኝ። ብስክሌት ላይ ፊት ለፊት ስለማንተያይ ይሆናል። ተልባው ግን አበቃ።

መጋቢት 19፣ ሰኞ

መጽሐፉ ምዕራፍ አምስት ላይ ደረሰ። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ ይላል። በየአርባ አምስት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ። ከሁለት ሰዓት በላይ ምንም ሳይበሉ መንዳት እግርን ብቻ ሳይሆን ዓይንንና ሐሳብን ያደክማል። ሰውየው ሁዳዴን አያውቅም፣ ምን ያድርግ።

ለብስክሌተኛ የተሠራ ለስላሳ ከረሜላ ገዝቼ ነበር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ላለው። ባለቤቴ ጸዳለ (ጸ.) መነጽሯን አድርጋ ጀርባውን አነበበች። ጄላቲን፣ ከአሳማ። ስድስት በልቻለሁ። ቀሪውን ጣለችው። ወዲያው፣ ሰውዬ፣ ሂድና የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ ለአንድ ቀን ነው፣ ይፈቱሃል አለችኝ። እሺ አልኳት።

አልሄድም። ለምን እንደማልሄድ አውቃለሁ። እዚህም ልጽፈው አልፈለግሁም።

መጋቢት 22፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አምሳ ሁለት ማይል። ጭጋግ ነበር፣ ቅዝቅዝ ያለ፣ እግዜር ይስጠው። አፌን በውሃ ተጉመጥምጬ እተፋለሁ፣ አልውጥም። ከአርባ በኋላ ጭንቅላቴ ቀለለ። ግን ጨረስኩ። ሜ. ወደ ኋላ ትቀር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኋት። ሃያ ዓመቷ ነው፣ እኔ አምሳ አንድ። የደላው ይበላል፣ የጾመ ይቀድማል ብዬ ቀለድኩ። ፈገግ አለች።

እንደተመለስኩ በሶ በማርና በትንሽ ዘይት፣ ጨው ጣል አድርጌ፣ አራት ጉርሻ። የተቀቀለ ድንች። ሁለት ሰሐን ሩዝ። ጸ. ቁጭ ብላ አየችኝ። በጣም ኮራሁ ዛሬ።

መጋቢት 29፣ ሐሙስ፣ ምሽት

ወደቀች።

ሎንግ ቢች፣ የወንዙ ዳር መንገድ ላይ፣ አርባ ምናምን ማይል ስንደርስ። መኪና የለም፣ ጉድጓድ የለም። ወደ ግራ ዘመመችና ተኛች፣ እንዲያው ዝም ብላ። ደርሼ ሳነሳት ከንፈሯ ነጭ፣ ስሟን ስጠራት ቆይታ ነው የምታየኝ። ክርኗ ተላልጧል። የሚበላ ነገር ፍለጋ የጀርባ ኪሷ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ሁለት ሙዝ፣ ጠቁሯል። በላስቲክ የተጠቀለለ በሶ፣ ትናንት እኔው የሠራሁላት፣ ስድስቱም። ቴምር። አንድም አልተነካም።

ለምን አልኳት። ጮህኩ መሰለኝ።

"አባዬ፣ አንተ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ እየነዳህ፣ እኔ ፊትህ ላይ ሙዝ እልጣለሁ?"

ባለፈውም አልበላችም። ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ። ውሃዋን እንኳ እኔ ዞር ስል ነበር የምትጠጣው። እኔ ደግሞ ቀደምኳት ብዬ ስኮራ ሰነበትኩ። ይቅር ይበለኝ።

ሙዝ ላጥኩላት። አልያዘችም። ዞርኩ፣ ወደ ወንዙ። ከኋላዬ ስታኝክ ሰማሁ።

ጸ. የምትሠራው እዚያው ሎንግ ቢች ሆስፒታል ነው። መኪናዋን ይዛ መጣች። ሦስት ስፌት።

ሚያዝያ 1፣ ቅዳሜ

ሜ. ደህና ናት። ክርኗ ብቻ። መቶ ማይሉ ይቅር አልኳት፣ ከፋሲካ በኋላ የሆነ ቀን እናገኛለን። የትኛው ቀን አለችኝ። ሁለታችንም የካላንደሩን ነገር እናውቀዋለን፤ ከፋሲካ በኋላ ፈተና፣ ከፈተና በኋላ ጉዞ። ወይ በ13 ነው ወይ የለም።

ጸ. ተቆጥታኛለች። ማጀት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ ልጅቷ ጾም ትታ ከአንተ ጋር ስትሆን ጾመች፣ አንተ ግን አላየሃትም አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 2፣ እሁድ

ጋሼ ከበደን የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለመንኩ። ቤ/ክ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ አባን ወደ ጎን አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ውድቀቷ፣ ስለ ሙዙ።

በዚያ ቀን ብላ አሉ። ጠዋትም፣ መንገድ ላይም፣ የሚያስፈልግህን ያህል፣ ከጾም ምግብ። በምትኩ የሚሆነውን ነግረውኛል፤ እሱ በእኔና በእሳቸው መሀል ይቅር። ከዚያ መስቀላቸውን እንደያዙ አዩኝና ጠየቁኝ።

"ይህን ለመጠየቅ ምነው ወር ሙሉ ቆየህ?"

"ብላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፣ አባ።"

ይኸው፣ ደብተሬ፣ ጻፍኩት። የፈራሁት መከልከሉን አልነበረም። ጾመኛው ታደሰ መባሉን ነው እንዳይወስዱብኝ የፈራሁት። አባ አልተቆጡም። ያንን ለእግዚአብሔር ንገረው፣ እሱም ያውቀዋል ብለው ባረኩኝ።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ፣ ቀትር

ሃያ አራት ማይል፣ ለሙከራ። የእሷ ክርን ይታጠፋል።

አሥራ ሁለተኛው ማይል ላይ፣ መርከቦቹ የሚታዩበት አግዳሚ ወንበር ጋ ቆምን። አባ የፈቀዱልኝ ለ13 ነው፣ ግን አስቀድመህ ሰውነትህን አለማምድ ብለውኛል። በሶውን አወጣሁ። ያዝኩት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የሁዳዴ ሐሙስ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በዚህ ሰዓት አልበላሁም። እጄ ወደ አፌ አልሄድ አለ። እውነቴን ነው፣ አልሄድ አለ። አልራበኝም ብዬ ጠቅልዬ መለስኩት።

ሜ. የራሷን ገልጣ ይዛ ነበር። እሷም ጠቅልላ መለሰች። ኮፍያዋን አሰረች። ሃያ አራቱንም ማይል ባዶ ሆዳችንን ነዳን።

አባ ፈቀዱ፣ መጽሐፉ ፈቀደ፣ ጸ. ፈቀደች። እኔ ነኝ የቀረሁት።

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 12 ሰዓት

ተዘጋጀ። በሶ በማር፣ ሃያ ፍሬ፣ ለእያንዳንዳችን አሥር። ትንንሽ ድንች ተቀቅሎ በጨው። ቴምር፣ ፍሬው የወጣ። ዳቦ ቆሎ ለመመለሻ፣ ጨዋማ ነገር ሲያምረን። ውሃ አራት ኮዳ። ጸ. ድንቹን እኔ ነኝ የምጠቀልለው ብላ ተቀበለችኝ። ሜ. ጎማ ትፈትሻለች።

ደግሜ አሰብኩት። ሜ. ነገ ደግሞ ብትወድቅ ወንዝ ዳር አይደለም፤ የመኪናው መንገድ አለ፣ ብዙ ቦታ። ብበላ የሚጎዳው ስሜ ነው። ባልበላ የምጎዳው እሷን ነው። ይህን ለማወቅ ወር ሊፈጅብኝ አይገባም ነበር። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ በራሴ።

ሚያዝያ 13፣ ሐሙስ፣ ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል

ሁላችንም ማጀት። ጸ. ለሥራ ለብሳለች፣ ከቆመችበት ታየናለች። ገበታው ላይ አጃ በሙዝ፣ በሶ፣ ሻይ። ሜ. ቁጭ ብላለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። ብዪ አልኳት። አንተ ጀምር አለችኝ።

አማተብኩ። አንዱን በሶ አንስቼ ጎረስኩ። ደረቅ ነው፣ አፌ ውስጥ ይንከራተታል። ሜ. ጉሮሮዬን ታያለች፣ እስክውጥ። ዋጥኩ። ሻይ ጠጣሁ። ሰማይ አልተደፋም። እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሐዘን አይደለም።

ከዚያ እሷ ማንኪያዋን አነሳች። በላች። ሰሐኑን ጨረሰች፣ ጸ. ጨመረችላት፣ እሱንም ጨረሰች።

አሁን ሁለተኛውን እያኘክሁ ነው የምጽፍልህ። ሜ. ከደረጃው ሥር ትጠራኛለች። ሃያ ማይል ላይ እንቆማለን፣ አርባ ላይ እንቆማለን፣ ከዚያም በየአሥር ማይሉ። በቆምንበት ሁሉ ቀድሜ የምጎርሰው እኔ ነኝ።