እስከ አያት

አሰላ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ለሚልኬ
ሮቤ

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እኔና ቢታንያ ደህና ነን። ሹፌሩ ኢርሻድ ይህን ደብዳቤ ሲሰጥህ «ደግሞ ምን ልትለኝ ነው» ብለህ ኪስህ ውስጥ እንደምትወሽቀው አውቃለሁ። ስልኬን ካላነሳህ አራት ወር ሊሞላህ ነው። ስለዚህ ዋናውን ነገር እዚሁ አናቱ ላይ ልጻፈው፦ ባንኩ ብራችንን መለሰ። አምስት ሺህ አራት መቶ ስልሳ ብር፣ ሳንቲም ሳይጎድል። አንተ አልወሰድከውም፣ ሚልኬ። ሲቆርጥ የኖረው ራሱ ባንኩ ነው።

ደስታው ገና አልወጣልኝም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ። ከትናንት ወዲያ ረፋዱ ላይ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ የተማሪ ፎቶ ስለጥፍ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም፣ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ሮጦ ወጥቶ «እትዬ ከበደች፣ ማን ሞተ?» አለኝ። «ማንም አልሞተም፣ ባንክ ተሸነፈ» አልኩት። በእረፍት ሰዓት መምህራኑ ሁሉ ቢሮዬ ገብተው ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድተርክላቸው አደረጉኝ። ሁለቴ ተረኩት። ላንተ ግን እነሱ ያልሰሙትንም እጨምርልሃለሁ።

ያቺን ከባንክ ያወጣኋትን ወረቀት መቼም አትረሳትም። ለጣሪያው ቆርቆሮ በጋራ ሂሳባችን ያጠራቀምነው ብር ጎድሎ ሳገኘው የሂሳብ መግለጫ አስወጣሁ፤ በየወሩ መጀመሪያ አራት መቶ ሃያ ብር ይወጣል፣ ከጎኑ በእንግሊዝኛ «ሚልኬሳ ገላና» ተብሎ ተጽፏል። ካርዱ ያለው አንተ ጋ ነው። ሌላ ምን ላስብ? ከስምህ ቀጥሎ ሦስት ፊደል ነበረች፣ አይቼ አለፍኳት። አንተ «አልነካሁም» አልክ፣ እኔ ያልኩህን አልኩህ፣ አንተም ልብስህን በከረጢት ይዘህ ወንድምህ ጋ ሮቤ ሄድክ።

ወረቀቷ መሳቢያ ውስጥ ቀረች። በጥር መጀመሪያ ቢታንያ ማስመሪያ ስትፈልግ አገኘቻት። ቆማ አየቻትና «እማዬ፣ ኤቲኤም እኮ ሃያ ብር አይሰጥም» አለች።

«እና?»

«እናማ አባዬ አራት መቶ ሃያ በምን አወጣው? አራት መቶ ያወጣል፣ አምስት መቶ ያወጣል። ሃያዋ ከየት ትመጣለች?»

ጭልፋውን አስቀምጬ ወረቀቷን ተቀበልኳት። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያየችውን እኔ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ስመዘግብ የኖርኩት ሴት አላየሁትም። ንዴት ዓይን ይሸፍናል የሚሉት እውነት ኖሯል።

በማግስቱ አስፈቅጄ ባንክ ሄድኩ። አዲስ መግለጫ አስወጣሁ፤ አንተ ከሄድክ በኋላም መቆረጡን አላቆመም። መስኮቱ ላይ አሚራ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ጌታ ይባርካት። ሦስቷን ፊደል በጣቷ ነካ አድርጋ «አዴ ከበደች፣ ይሄ እኮ የካርድ መክፈያ ማሽን የወር ኪራይ ነው። ባለቤትዎ ሱቅ አላቸው እንዴ?» አለችኝ።

«የኔ ባል አንድ መጋዝና አንድ መዶሻ ነው ያለው፤ መዶሻውም እጀታው የላላ ነው» አልኳት።

ኮምፒውተሯን ስትነካካ ቆየችና ሳቋ መጣ። «ሌላ ደንበኛ አሉን። ማሽን የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ክፍያው እናንተ ሂሳብ ላይ ተለጥፏል። ስማቸውን መናገር አይፈቀድልኝም። ስማቸውንማ ያውቁታል።» መቆረጡን ያኔውኑ አስቆመችልኝና ወደ ሥራ አስኪያጁ ላከችኝ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዕዝራ ይባላል፤ ትሁት ሰው ነው፣ ብር ግን አይለቅም። «የሳጉሬው የእህል ነጋዴ ደንበኛችን ክፍያ በስህተት እናንተ ላይ ገብቷል፣ ይቅርታ። ደንቡ የሚፈቅድልኝ የሦስት ወር ነው፤ የኅዳርን፣ የታኅሣሥንና የጥርን ዛሬውኑ እመልስልዎታለሁ» አለኝ። የቀረውስ ስለው ከመሳቢያው አንድ ፎርም አውጥቶ ፊቴ ዘረጋና «የቀረው ላይ እናንተም ጥፋት አለባችሁ» አለ። ስለዚያ ፎርም ኋላ እነግርሃለሁ።

ሦስቱን ወር ተቀብዬ ብወጣ መልካም ነበር፣ ሰዉም ሁሉ ተቀበዪ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ቆጠርኩት። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር አንተ ቤት ያልነበርክባቸው ወራት ናቸው። የተጣላነው በፊተኞቹ አሥር ወራት ነው። ሦስቱን ተቀብዬ ዝም ብል አሥሩ እንዳሉ ባንተ ስም ተጽፈው ይቀራሉ። «አቶ ዕዝራ፣ አሥሩ ወር የባሌ ናቸው፣ አልተውልህም» አልኩት። እሱ የብሩን ነገር መስሎት ደንቡን ደገመልኝ።

እዚያው ቆሜ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ግልባጭ ለዋናው መሥሪያ ቤት። የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ታውቀው የለ፣ «ጉዳዩ፦» ብዬ ጀምሬ ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ተቀበልኩ ብሎ እንዲፈርምልኝ አደረግሁ። ከዚያ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየሄድኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። አራተኛው ማክሰኞ ላይ ጥበቃው «እዚህ ደመወዝ ቆረጡልሽ እንዴ?» አለኝ።

በዚህ መሃል ሳጉሬ ገበያ ቀን ወረድኩ። «በካርድ የሚያስከፍል የእህል ነጋዴ ሚልኬሳ ገላና የት ነው?» ስል አንድ ልጅ ሳያስጨርሰኝ ጠቆመኝ። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ ሚዛኑ ጋ ይደርሳል። ነገሩን ስነግረው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። «እኔ እኮ ማሽኑ በነፃ መስሎኝ ባንኩ ይወደኛል እያልኩ ለሰው ሳወራ ነበር» አለኝ። ምን ያህል እንዳጣላን ሲሰማ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ተከተለኝ። መንገዱን ሙሉ አንተን «ሞክሼዬ» እያለ ነው ያወራው። የመዶሻውን እጀታ ሳይቀር ጠይቆኛል።

አቶ ዕዝራ ፊት መታወቂያውን አስቀመጠ፦ ሚልኬሳ ገላና ሁንዴ። የኔ ተራ ሲደርስ፣ መታወቂያህ አንተ ጋ ነውና ከሳጥን ያወጣሁትን የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን አስቀመጥኩ፦ ሚልኬሳ ገላና ቱሳ። ያቺን ወረቀት ስንት ዓመት አላየኋትም መሰለህ። ፎቶው ላይ አንገትጌህ ተጣሞ እኔ በጣቴ ላስተካክል ስል ነው የተነሳነው። ባንክ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ አቶ ዕዝራ በብሩ ያለቀስኩ መሰለውና ውሃ አስመጣልኝ። ሞክሼህ ደግሞ «የእኔን ዕዳ ከእኔ ቁረጥ፣ የሰውዬውን ስም ግን ንጹሕ አድርግለት» አለው። የአሥራ ሦስቱም ወር ለዋናው መሥሪያ ቤት ተጽፎ ሄደ፣ ብሩም ከትናንት ወዲያ ገባ።

መምህራኑ የሰሙት እስከዚህ ነው። አሁን ስለዚያ ፎርም።

ሂሳቡን ስንከፍት የሞላነው ፎርም ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የጽሕፈት ሰው አንቺ ነሽ» ብለህ እስክሪብቶውን ሰጥተኸኝ ነበር። የራሴን ስም እስከ አያቴ አሳምሬ ጽፌያለሁ። ያንተ ላይ ስደርስ «ሚልኬሳ ገላና» ብዬ አቆምኩ። ለምን? ቸኩዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባለፈው መስከረም አንድ ሽማግሌ ከአርቦዬ ድረስ የልጃቸውን ልጅ ሊያስመዘግቡ መጥተው የአያት ስም ስለሌለ «አባቴ፣ ሙሉ ስም ማለት እስከ አያት ነው» ብዬ የመለስኳቸው ሴት፣ የገዛ ባሌን አያት ዘልያለሁ። ባንኩም ሁለት ሚልኬሳ ገላና አግኝቶ ያልሆነውን መዘዘ። እነሱ ሊያጣሩ ይገባ ነበር፣ ለዚህ ነው ያልለቀቅኳቸው። ግን በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያም ዞሬ ሌባ አልኩህ።

በቢታንያ ፊት ነው ያልኩህ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሁሉንም ለእሷ ነገርኳት፣ ፎርሙንም ጭምር። እሷም «ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለአባዬ ንገሪው» አለች። ይኸው ነገርኩህ። በድዬሃለሁ፣ ሚልኬ። ይቅርታ አድርግልኝ። በየወሩ መጨረሻ በኢርሻድ እጅ ያለ አንዲት ቃል የብር ፖስታ ስትልክ እየተቀበልኩ ዝም ያልኩትም አሳፍሮኛል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ስምህን የሚያስተካክል አዲስ ፎርም አሚራ ሰጥታኛለች። ሞልቼዋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ሚልኬሳ ገላና ቱሳ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኔ ፊርማ ገብቷል፣ ያንተ ቦታ ባዶ ነው። ከስሩ «ሁለቱም ባለሂሳቦች በአካል ይቅረቡ» ይላል። ቤትህ ግባ ለማለት አፍ የለኝም፣ ባንኩ ግን በግልጽ ጽፎታል።

ጌታ መግቢያ መውጫህን ይጠብቅ። እጅህን ከመጋዝ፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልኝ። ወንድምህንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ሞክሼህም ሰላም ብሎሃል፤ ስትመጣ ሊያይህ ይፈልጋል።

ያንተዋ
ከበደች ባይሳ

ልነግርህ የረሳሁት፦ ኢርሻድ በሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ከሮቤ ይመለሳል። ጋቢና አንድ ቦታ አስይዤልሃለሁ፣ ሒሳቡንም ከፍዬዋለሁ። ካልመጣህ ቦታው ባዶውን ይምጣ፤ ይህን ብር አላስመልስም።