ስኳሬና የእህቴ ጉርሻ

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ ጠዋት

አሰለፈች ናት። ታላቅ እህቴ። ዓይኔን ያደበዘዘችው እሷ ናት፤ ደብተሬ፣ ዛሬ ስሟን ጽፌልሃለሁ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ማታ ማታ ራት ይዛ ትመጣለች፤ ታጎርሰኛለች። በቃኝ ስል «አፈር ስሆን» ትላለች። በሞቷ ተለምኖ ማን እምቢ ይላል? ወፈርኩ። ስኳር ያዘኝ። በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ገብቼ የለየኋቸው ፊደሎች ይኸው ይዋኙብኛል። ነገ ጤ/ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ግን ሳይቸኩል አስረዳኝ። የጤነኛ ሰው ጉበት ከምግብ በኋላ ስኳሩን ከደም ይቀበላል፤ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ሳይበላ ሲቆይ ያወጣለታል። ውፍረት ሲበዛ ግን ጉበት ስብ ይይዛል፤ እንደ ድሮው አይቀበልም። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ዓይን የሚጎዳው እሱ ነው። ስኳር ከሻይ ካቆምኩ ዓመቴ፣ የቀበሌ ሱቅ የስኳር ድርሻዬን እንኳ ለእህቴ ነው የምሰጠው አልኩት። ሳቀ። እንጀራውስ እማማ፣ እሱም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል አለኝ። ተናደድኩ። በራሴ። የለም፣ በእሷ። ክብደት ብቀንስ ጉበቴ መቀበል ይጀምራል፤ ካልቀነስኩ ዓይኔን ላጣ እችላለሁ። እቀንሳለሁ። ምን ያቅተኛል።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ከመካኒሳ ብስራተ ገብርኤል ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ጉልበቴን አመመኝ፤ ደስ አለኝ። ራት ግማሽ እንጀራ በጎመን። አሰለፈች ስትመጣ አልከፈትኩም፤ በልቻለሁ አልኳት። ብትከሺ ሰው እህቷ አስራበቻት ይለኛል እያለች ደጅ ቆማ ታጉረመርማለች። ይበላት።

ኅዳር 12፣ ሰኞ ማታ

አሰለፈች ቤት የሚካኤል ዝክር። ጎረቤቱ ሞልቷል። እህቴ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። «አፈር ስሆን» አለች። አፌን በእጄ ከደንኩ። ጎረቤቷ ጋሽ ወርቁ «እንደ ትርፍ ቤት ጉርሻም ተወረሰ እንዴ?» አለ። ማንም አልሳቀም። ሙቺ ነው የምትዪኝ አለችና እንባዋ መጣ። እትዬ፣ አንቺ አትሞቺም፤ የምታወረው እኔ ነኝ አልኳት። ጉርሻውን ይዛ ቆመች። ዞራ ጋሽ ወርቁን አጎረሰችው። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። አልሸኘችኝም። ታኩርፍ።

እህቴ እንዳትሞት ብዬ መብላት ከእንግዲህ አበቃ።