የፈተግኩት ኩሬ

ማክሰኞ

ፅጌዬ፣ በማርያም የዛሬውን እመኚኝ። ያኔ ቦይለሩ ሊፈነዳ ነው ብዬ ከሥራሽ አስሮጥኩሽ፣ ለካ ሲያፏጭ ነው፣ እሺ። ይሄኛው ግን እውነት ነው። የአሠሪዬ የሲኞራ ኩሬ አረንጓዴ ሾርባ ሆኗል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ስልክ አታነሺልኝም፣ እህቴ አይደለሽ? እዚህ ደብተሬ ላይ ስጽፍ አንቺን የማናግር ይመስለኛል።

ለእንቁጣጣሽ ብዬ ነው ባለፈው ሳምንት ያጠብኩት። ሲኞራ ለዕረፍት ወደ ባሕሩ ወርደዋል፣ ቤቱን ጨረስኩ፣ ኩሬው ቀረ። ለበዓል ሳይታጠብ የሚቀር ነገር አለ እንዴ? ዓሦቹን በባልዲ አወጣሁ፣ ድንጋዩን ሁሉ በብሩሽ ፈተግኩት። ቡኒው፣ እንደ ፀጉር የረዘመው፣ የሚያዳልጠው፣ ሁሉም ሄደ። አዲስ ውሃ ሞላሁ። እንዴት አምሮ ነበር! አሁን ይኸው።

ረቡዕ

ትንሹ ቀይ ዓሣ ሞተ። ዓሦቹን እኮ የሲኞራ ባል ሳይሞቱ ያሳደጓቸው ናቸው። ሲኞራ ቅዳሜ ይመጣሉ። ካባረሩኝ ኮንትራት የለም፣ ያለ ኮንትራት ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ማን ያድስልኛል?

እንደገና ልፈትግ ብሩሹን ሳነሳ ጎረቤታችን ሽማግሌው ሲኞር ሬሞ ከአጥር ማዶ ጮሁ። «ተይ! ሳህን መሰለሽ?»

ድንጋዩ ላይ እኔ ቆሻሻ ያልኩት ብዙ ዓይነት አልጌ፣ የውሃ ውስጥ አረም፣ ነበር አሉኝ። እርስ በርስ እየተሻሙ አንዱ ሌላውን ልክ ያስገባዋል። ሁሉንም ስጠርግ አንዱ ብቻ ቀድሞ ተመለሰ፣ ከልካይ የለው፣ ውሃውን ወረሰ። ሌሊት የዓሦቹን አየር ይጨርስባቸዋል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቆሻሻ! ከእኔ ገንዳ ውሰጂ» አሉና ሳቁ።

ሐሙስ

ከሰዓት ዕረፍቴ ነበር። አበሾቹ የምንሰበሰብበት መንገድ፣ ቪያ ቮልቱርኖ፣ መጥተሽ ይሆን? ሁሉም በአንዴ ሲያወራ፣ ሲሳደብ፣ ሲስቅ፣ በሳምንት አንዴ እዛ ነው ሰው የምሆነው። ናፈቅሽኝ።

አልሄድኩም። ከሲኞር ሬሞ ገንዳ የሚያዳልጥ ድንጋይና ውሃ በባልዲ ሳመላልስ ዋልኩ። አረንጓዴው እንዳይበዛ ፀሐዩን በአንሶላ ጋረድኩ። በሲኞራ አንሶላ! ዝም በይ።

ዓርብ

የሞተ የለም። ውሃው ግን ያው ነው። ከዓሦቹ ጋር አማርኛ አወራለሁ፣ አትሳቂ።

ቅዳሜ

ፅጌ! አንድ ድንጋይ ታየኝ! ጉም ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ግን ታየኝ። ዓሦቹም ወደ ታች ወርደዋል። ሲኞር ሬሞ «ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው፣ ገና ነው ግን» አሉ።

ሲኞራ ማታ ይገባሉ። ሁሉንም ልነግራቸው ነው፣ የቀዩንም። አፌ እንዳይተሳሰር መጀመሪያ ላንቺ ልናገረው። አሠሪዎችሽ ጋ ደውዬ «ቦይለር አይደለም በሏት» ብያለሁ። በናትሽ፣ ሳይጨልም ደውይልኝ።