የወንድሜን የልደት እንግዶች ረዳት ብሎ ለመዘገበልን ማዘጋጃ ቤት

ለክቡር አቶ ሬንደርት ኦልትሆፍ
የማዘጋጃ ቤታችን የእንክብካቤ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ዘንድሮ በእኛ ማዘጋጃ ቤት ሥር ሆኖ አቅም ማጣት ምን እንደሚመስል ስላየሁት ለጠላቴም አልመኘው፣ ለእርስዎማ እንዴት ብዬ!

ፌንየ ቡርሰማ እባላለሁ። ብዙም ያልተማርኩ፣ ዳቦ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ፤ የላካችሁልንን ባለቀለም ጽሑፍ ግን ደግሜ አንብቤዋለሁ። ዘ ሄግ ያለው መንግሥት ይይዘው የነበረው የአቅመ ደካሞች እንክብካቤ ወደ ማዘጋጃ ቤቶች መዛወሩን፣ ይህም የሆነው «እንክብካቤውን ወደ ዜጋው ለማቅረብ» መሆኑን ተረድቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ሉበርት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰበት ወዲህ ብቻውን ከተተወ ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፤ ከቤት ከወጣም መመለሻው ይጠፋዋል። ስለዚህ በሳምንት አራት ቀን ትንሽ አውቶቡስ እየመጣች እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ወደሚውሉበት እርሻ ትወስደው ነበር። እዚያ ፍየል ይመግባል፣ ጋጣ ይጠርጋል፣ ማታ ደክሞትና ደስ ብሎት ይመለሳል፤ እኔም ሥራዬን ሠርቼ እገባለሁ። አሁን ከአራቱ ቀን የተረፈልን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. እናንተ «የወጥ ቤት ጠረጴዛ ውይይት» ለምትሉት የቤት ለቤት ጥየቃ ሠራተኛዎን ወይዘሪት ማሪስካን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ዘመድና ጎረቤት ምን ሊያግዝ እንደሚችል ተጠይቆ ሳያልቅ ማዘጋጃ ቤቱ እጁን እንደማይዘረጋ ነግራኛለች። ለእሷ የተመቻት ቀን የሉበርት ልደት ሆኖ ተገኘ፤ እኔም «ግድ የለም፣ ኬክ አለ» አልኳት። እንደ ወጋችን ወንበሩ ክብ ተደርድሮ፣ በዓመት አንዴ ብቅ የሚለው ሁሉ ተቀምጧል። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ እየዞረች እያንዳንዱን ጨብጣ «እንኳን ለሉበርት ልደት አደረሳችሁ» አለች፣ ኬኳን ተቀበለች፣ ከዚያ ሉበርትን መለስ ቀለስ እያሉ ያዩት እንደሆነ አንድ በአንድ እየጠየቀች መልሱን ጻፈች። ክቡር ሆይ፣ የሰውን ኬክ እየጎረሰ «ኧረ እኔስ ዞር ብዬም አላየው» የሚል ሰው በእርስዎ ዘመድ ውስጥ ይገኛል? በእኛ አይገኝም። ከሩቅ፣ ከዝቮለ ከተማ የመጣችው የአጎታችን ልጅ ኤልስኬ እንዲያውም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሉበርት እኮ የዓይናችን ብሌን ነው!» አለች።

2ኛ. ሉበርት አሥራ አንድ ረዳቶች ስላሉት ሦስቱ የእርሻ ቀን እንደሚቀርበት በውሳኔ ደብዳቤዎ ስላበሰሩን አመሰግናለሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር። ውሳኔው እንደደረሰኝ ደስታውን ላካፍላቸው ደወልኩ። ኤልስኬ «ውይ ፌንየዬ፣ ወገቤን እያወቅሽው! ደግሞስ መንገዱ!» አለችኝ። ጎረቤታችን ቲመን ደግሞ «እኔ አየዋለሁ ያልኩት በመስኮት ነው። በየቀኑ አየዋለሁ፣ ውሸት ነው?» አለ። ውሸት አይደለም፤ መጋረጃ የለንም።

3ኛ. ሉበርት ውሳኔውን ስላልሰማ አውቶቡሷ በቀረችባቸውም ቀናት ማለዳ ቦት ጫማውን ያደርግና በር ላይ ቆሞ አውቶቡሷን ይጠብቃል፤ ዝናብም ቢሆን። «ሹፌሩን እንቅልፍ ጥሎት ነው» ይለኛል፣ እኔም «ሳይሆን አይቀርም» እላለሁ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ፌንየ፣ እኔ እወድሻለሁ፤ ሊጡ ግን አይጠብቅም» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ሥራውን ከተውኩ ሁለታችንም የምንበላው የለም፤ ካልተውኩት ደግሞ ሉበርት የት እንደሚደርስ አላውቅም።

4ኛ. አቤት ለማለት ዘ ሄግ ብጽፍ፣ ጉዳዩ አሁን የማዘጋጃ ቤታችን መሆኑን በትሕትና መለሱልኝ። እናንተ ዘንድ ስመጣ ደግሞ ሕጉን ያወጣው ዘ ሄግ እንደሆነ በበለጠ ትሕትና ነገራችሁኝ። ሰው ማማት አልወድም፤ ብቻ ሥራው ከዚያ ወደዚህ ሲጓዝ ገንዘቡም አብሮ ተሳፍሮ ነበር ወይስ መንገድ ላይ ወረደ ብሎ መጠየቅ ኃጢአት አይመስለኝም።

5ኛ. ይቺን ባልጽፋት ደስ ባለኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ ዳቦ እየጠበቀች ስታወጋኝ «እኔንማ ከማዘጋጃ ቤት ሊጠይቁኝ የመጡት በልደቴ ቀን ነው፣ እንግዳ ሞልቶ» አለችኝ። አጋጣሚ ነው፣ እማማ፣ አልኳት። በማግስቱ ሌላዋ የእናቷን ነገረችኝ፤ እሱንም አጋጣሚ ነው አልኩ። ሦስተኛዋ ስትነግረኝ ግን የዳቦ መቁረጫውን ማሽን አጠፋሁት። የእኛ የልደት ቀን በማኅደራችሁ እንዳለ አውቃለሁ። ቀጠሮ የሚይዘው ሰው ቀን የሚመርጠው ምን እያየ እንደሆነ ቢነግሩኝ እንቅልፌ ይመለስልኝ ነበር። ክፉ አሰብሽ ካሉኝ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ፤ ግን ወይዘሪት ማሪስካን በተራ ቀን፣ ዝናብ እየጣለ፣ እኔና ሉበርት ብቻ ባለንበት እንደገና ይላኩልን። ያን ጊዜ በክቡ የተቀመጠውን ትቁጠር።

ይህን ሁሉ አንብበው ስለታገሡኝ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎና ለመላው መሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ከዕድሜውም ጋር ብዙ ደግ ዘመድ እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
በመዝገብዎ መሠረት ከአሥራ አንዱ ረዳቶች አንዷ፣
በእውነቱ ግን ብቸኛዋ፣
ፌንየ ቡርሰማ

ግልባጭ፦ ለዘ ሄግ፤ የእኛ ጉዳይ አይደለም ብለው እንዲመልሱልኝ

ያልጨረስኩት ነገር፦ ማክሰኞ ጠዋት ተረኛ ስለሆንኩ ሉበርትን እርስዎ ቢሮ አድርሼው ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ እንክብካቤው ወደ ዜጋው ከዚህ በላይ ሊቀርብ አይችልም። ቡናውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ስኒውን አይሙሉበት። እሱ ባለበት እንደሌለ አድርገው ስለ እሱ ቢያወሩ ይከፋዋል። ከሰዓት በኋላ ዳቦ ቤቱን ዘግቼ መጥቼ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ግን ለስብሰባም ለስልክም ብለው ዓይንዎን ከእሱ ላይ እንዳይነቅሉ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለው ቦይ ጥልቅ ነው፣ ሉበርትም ዋና ረስቷል።