የቤተ መንግሥቱ ሐበሺ

ለውድ አባቴ ለአቶ መርጋ፣

አካም ጅርቱ አባባ? እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም በዚያ ከባድ መኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመላለሳሉ? የእማዬስ ስኳር እንዴት ሆነ? እኔ በጌታ ቸርነት በአካል ደህና ነኝ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት ወዬሳ አህመዳባድ ትምህርቱን የጨረሰ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፤ ወደ አገር ቤት ከመመለሱ በፊት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው። በስልክ ያልነገርኩዎት እናንተ ጋ እማዬ፣ እኔ ጋ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አጠገባችን ስለማይጠፉ ነው።

አባባ፣ የምሠራበት ሆቴል ኮረብታ ላይ ያለ የድሮ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ነው፤ ሀብታሞች ሠርጋቸውን ይደግሱበታል። ክረምት ሲሆን ዙሪያው እንደ አርሲ ይለመልማል። የተቀጠርኩት ለእንግዳ ተቀባይነት ነበር። ብዙም ሳልቆይ ሥራ አስኪያጁ ቀይ ካባና ጥምጥም አልብሶ፣ የቆርቆሮ ጦር አስይዞ በር ላይ አቆመኝ። ድሮ ነገሥታቱ ሐበሺ የሚሏቸው ከኛ በኩል የመጡ ጠባቂዎች ነበሯቸውና እንግዶቹ ያንን ማየት ይወዳሉ አለኝ። ቪዛህን ላሳድስልህ ብሎ የወሰደው ፓስፖርቴም በዚያው ቀረ። ቪዛው ካለፈ ቆየ። ስጠይቀው "የሠርጉ ወቅት ይለፍ" ይለኛል። ሠርጉ ያልፋል፣ መልሱ ያው ነው።

ባለፈው ጊዜ ለእንግዶች ከበሮ ሊመቱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ፀጉራቸውም መልካቸውም የኛ ሰው ነው፤ ቅድመ አያቶቻቸው በመርከብ ከአፍሪካ የመጡ ናቸው። በምችላት ሂንዲ ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው እጄን ያዙና፣ "የኛዎቹም መቼ እንደሚመለሱ የነገራቸው አልነበረም። ላንተስ ማን ነገረህ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በር ላይ መቆም አቃተኝ። በማግስቱ በበራችን በኩል ምእመናን ባንዲራ ይዘው በእግራቸው ወደ አምባጂ ይጎርፉ ነበር። አምባጂ እናታችን የሚሏት አምላካቸው ቤተ መቅደስ ያለበት ከተማ ነው፤ በክረምቱ ማብቂያ ሙሉ ጨረቃ ከየአገሩ ይሳለሙታል። ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀላቀልኳቸው። ልብስ ልቀይር ብገባ ስለሚይዙኝ ካባውን እንደለበስኩ ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ እናቶች ውሃ አጠጡኝ፤ ካባዬ መሬት ሲጎተት አንዷ ጫፉን አንስታ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጠችልኝ። ቤተ መቅደሱ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ አናቱ በወርቅ ያበራል። እማዬ አትሥጋ፣ አልገባሁም። ደጁ ላይ ቆሜ የራሴን ጸሎት ጸለይኩና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄድኩ።

እዚያ ሰዉ ፎቶ ሊነሳ ከበበኝ። አንድ ፖሊስ በትህትና ከመሃላቸው አውጥቶ ሻይ ጋበዘኝ። ካባው ላይ የሆቴሉን ስም አነበበና "ከጓደኞችህ ጠፍተህ ነው?" ብሎ ለሆቴሉ ደወለ። ክፋት አልነበረውም አባባ፤ የጠፋ ዕቃ ለባለቤቱ የመለሰ ያህል ነው የተሰማው። እውነቱን ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ፓስፖርት የለኝም ብል ወዴት እንደሚወስደኝ ፈራሁ። ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ መጥቶ በመኪናው መለሰኝ። መንገድ ላይ፣ "ያለኔ እዚህ አገር ማን ያውቅሃል?" አለኝ።

እኔም በዚያው ዕለት ካባውን አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ከዚያ ወዲህ በር ላይ አልቆምኩም። አሁን የምውለው ዕቃ ቤት ነው፤ ዘበኛውም ከግቢ እንዳያስወጣኝ ታዟል። ወዬሳ ኒው ዴልሂ ላለው ኤምባሲያችን የት እንዳለሁ ይናገርልኛል። እርስዎም አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሄደው ያመልክቱልኝ። ቪዛዬ በማለፉ መታሰር ካለብኝ ልታሰር፤ ፍርድ ያለው እስር ከዚህ ይሻለኛል።

ታናሽ እህቴ ሀሴት ኢንተርኔት ላይ አግኝታ እማዬ ሳሎን የሰቀለችውን ፎቶዬን ያውርዱልኝ። እኔ በዚያ ልብስ የተሾምኩ መስሏት ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች አሉ። ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰማ እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሯት።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ሀሴትን በትምህርትሽ በርቺ ይበሉልኝ። ለእህቴ ለጂቱና ለልጆቿ፣ ለእትዬ አሰለፈችም ሰላምታዬ ይድረስ። እርስዎን ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ ጋሮምሳ

አምባጂ አጠገብ፣ ጉጃራት፣ ሕንድ
መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.