አንድ ዓይን፣ አንድ ኩላሊት

መርሳ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኡበይደላ አባት፣ ለሙባረክ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔም ልጆቹም ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ። ማሽላው ጎተራ ገብቷል። ላሚቱም ወልዳለች።

ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምታነሳው ጣውንቴ ስለሆነች መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነበር። ለካ ይህንንም የምታነብልህ እሷው ናት። ፈይሩዝ፣ ስምሽ ሲመጣ ዘለሽ እንዳታልፊ።

ቀናሁ ሙባረክ። እዚያ ሆስፒታል በየሰዓቱ የዓይን ጠብታውን የምታደርግልህ እሷ፣ እጅህን ይዛ የምትመራህ እሷ። እኔ እዚህ ከላም ጋር ቀረሁ። አውድማው ላይ ገለባ ዓይንህ ውስጥ የገባ ጊዜ እንኳ፣ ውሃ ላመጣ ሄጄ ስመለስ፣ ደቦው ሁሉ እያየ በምላሷ እያወጣችልህ ደረስኩ። የዚያን ቀን እህል አልወረደልኝም። ዓይንህ ሲያብጥማ "ምላሷ ነው" ባሉኝ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን ፈንገሱ ከገለባው ጋር ነው የገባው አለ። ሰውነትህ እንዳይቋቋመው ያደከመህ ደግሞ፣ ኩላሊቴን ባዳ ብሎ እንዳያባርራት የምትውጠው መድኃኒት ነው አለ።

የእኔ ኩላሊት። እኔ ሰጠሁህ፤ ድነህ ስትነሳ ከውርጌሳ ፈይሩዝን አገባህ። ሸሪዓው ፈቅዶልሃል፣ ሆዴ ግን እሺ አላለኝም።

ትናንት ፈይሩዝ በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ። ዓይንህ እንዲድን ያ መድኃኒት ይቀነስ፣ ሲቀነስ ግን የእኔዋ ኩላሊት ልትሄድ ትችላለች ብለው ሐኪሞቹ ቢነግሩህ፣ "የናጅዋን አደራ አላጠፋም፣ ዓይኔ ይቅር" አልክ አለችኝ። አንዱ በልጅነትህ ጠፍቶ፣ የቀረህ እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ።

የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ፈቅጃለሁ። ይቀንሱልህ። ኩላሊቷ ከሄደችም እጥበቱን እናውቀዋለን፣ ደሴ ድረስ ስንመላለስበት አልነበር? ደግነት ግን እንዳይመስልህ። ዓይንህ ከጠፋ፣ በዚች ዱንያ ለመጨረሻ ጊዜ አቅርበህ ያየኸው የእሷን ፊት ሆኖ ሊቀር ነው፣ ያውም ከነምላሷ። እሱን አልችለውም።

ብርሃን መለየት ስትጀምር አስደውልልኝ። ልጆቹን ለእህቴ ትቼ በማለዳው መኪና እመጣለሁ። ፈይሩዝ፣ ያን ቀን አንቺ ውጪ ትጠብቂያለሽ። መጀመሪያ እኔን ይየኝ።

አላህ ዓይንህንም ኩላሊቴንም ያቆይልን። እሷም እንቅልፍ አጥታ ከርማለች ብለውኛል፤ ብርታቱን ይስጣት።

የኡበይደላ እናት፣ ናጅዋ