የአባትሽ ቢላ

እንጅባራ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ውድ ዋጋዬ፣

ወደ ዳንግላ ከተመለስሽ ሰባት ወር አለፈ። እየደወልሁ፣ ስታነሺው ደግሞ ሳልናገር የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ኔትወርክ አይደለም። በአፌ የሚከብደኝን በወረቀት ልሞክረው።

ቢላውን ያመጣሽልኝ ቀን ትዝ ይልሻል? በዚያ በዱልዱሙ ቢላዬ ስታገል አይተሽ፣ "አንቺ፣ ሽንኩርቱን እየከተፍሽ ነው ወይስ እየወቃሽ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። በሳምንቱ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ይዘሽልኝ መጣሽ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተሠራ፣ እጀታው ወይራ። ቲማቲም ላይ ሳሳርፈው ሳልጫነው ገባ። ጎመኑም፣ ድንቹም፣ የዶሮው መገጣጠሚያም እጄን ሳያደክመኝ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ "አባቴ ነው የሠራው። ቀጥቃጭ ነው። በዚህ ግቢ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም" አልሽኝ። አቅፌሽ፣ "ታዲያ ምን አለበት!" አልሁሽ። አፍ ሲናገር ቀላል ነው።

የልጄ ክርስትና ዕለት አማቴ እማማ እታለማሁ ቢላውን አንስተው አገላብጠው አዩት። "አንቺ ዮዲት፣ ይሄን የመሰለ ከየት አገኘሽው? የቀጥቃጭ እጅ ይመስላል። ኋላ ልጁን እንዳይበሉብነ!" አሉ። አንቺ ከጎኔ ነጭ ሽንኩርት ትልጪ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ዝም ብል እንኳ ባልከፋ። እኔ ግን፣ "በስመ አብ! የቡዳ ዕቃ እኔ ቤት ምን ይሠራል? ከባሕር ዳር የገዛሁት ነው" አልሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሽንኩርትሽን ልጠሽ ጨረስሽ፣ ቢላውን አጥበሽ ቦታው መለስሽ፣ በወሩም የተከራየሽውን ቤት ለቀሽ ሄድሽ።

እስከዚህ ያለውን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ይባስ ነው።

ክርስትናው በሆነ በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን አተኮሰው። ጤና ጣቢያ ከመሮጤ በፊት ቢላውን በጨርቅ ጠቅልዬ አጥር ሥር ቀበርሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ አማቴም አልነበሩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁት እኔው ነኝ። ነርሷ መርምራው፣ "ጆሮውን ነው የታመመው፤ ምነው እስካሁን ቆየሽ?" አለችኝ። ጉድጓድ ስቆፍር ነበር አልላት ነገር። መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ።

በኋላ አወጣሁት፤ ዝጎ ነበር። በአመድ ፈትጌ መለስሁት፤ ዛሬም የምከትፈው በእሱ ነው።

ትናንት አማቴ ምሳ ሲበሉ ነገርኋቸው። "ቢላው የዋጋዬ አባት ሥራ ነው። ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ" አልሁ። እጃቸውን ሰበሰቡ። ከእንግዲህ ቤቴ እህል እንደማይቀምሱ ተናግረው ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። አልከለከልኋቸውም። ያን ቀን ብናገረው ኖሮ የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ግን አንቺን አሰደድሁሽ።

በሚመጣው የገበያ ቀን ልጄን አዝዬ ዳንግላ እመጣለሁ። ገበያተኛው እያየ አባትሽ ከሚሠሩበት ድረስ እሄዳለሁ፤ ልጄን አቅፈው ይሳሙልኝ። በርሽን ብትዘጊብኝ አልቀየምሽም።

አንቺን ግን ሁለተኛ አልዋሽሽም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ለልጄ እፈራለሁ። በዚህም አፍራለሁ። አባትሽ ሲስሙት ዓይኔን እጨፍን ይሆናል እንጂ፣ ልጄን በእጄ አንስቼ የማቀብላቸው እኔው ነኝ።

የከዳሁሽ፣
ዮዲት